ካልሲዋ ቀጭኔ

ቀጭኔ የወሎ አውሬ አይደለችም። በዱር ልያት የሚል ሰው ወይ ጋምቤላ ወይ ደቡብ ኦሞ ድረስ መውረድ አለበት። እኛ የደሴው ሆጤ ሰፈር ልጆች የምናውቀው አውሬ ጅብ ነበር፤ እሱንም ከአልጋ ሳንወርድ በድምፁ። ስለዚህ በ1999 ዓ.ም. አንዲት ቢጫ ፍጥረት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቅ ብላ በአማርኛ ስታናግረን ያስገረመን መናገሯ አልነበረም፤ እንስሳ በተረት ሲናገር ኖሯል። ያስገረመን አንገቷ ነው። ታናሽ እህቴ «እማ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ስትል፣ እናቴ ከምትቆላው ቡና ለአፍታ ቀና ብላ አየቻትና «ግመል ናት የኔ ልጅ፣ የባቲ ግመል» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በቤታችን የዝግጅቱ ስም «ግመሏ» ሆኖ ቀረ። «ግመሏ ጀምራለች፣ ኑ!» ይባላል፤ ያላጠናው ትምህርት ያለበትም የሌለበትም ሮጦ ይገባል።

ትክክለኛ ስሙ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ የማትጠይቀው ነገር የለም። የፈጠሯት አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና አሜሪካዊው ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ናቸው፤ እሱ የኮምፒዩተር ሰው ነው። ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለውን ድርጅታቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 መሠረቱ። ብሩክታዊት በክፍሏ ያሉትን ጥቂት ልጆች ከማስተማር ይልቅ ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁትንም በቴሌቪዥን ላግኛቸው ብላ ነው የተነሳችው። ገንዘብ ግን አልነበረም። የመጀመሪያዋ ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎችም የተቀረጹት በባልና ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ነው። የፀሐይ ድምፅ የራሷ የብሩክታዊት ነው።

ይህንን ሁሉ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እህቴ ግን ማንም ሳይነግራት ያኔውኑ ደርሳበታለች። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ይመስለኛል፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ አፍጥጣ ስታይ ቆየችና «ካልሲ ናት!» አለች። አባቴ «ዞር በይ፣ ዓይንሽ ይጠፋል» አላት። እሷ ግን አልዞረችም። በማግስቱ ከሆጤ ስታዲየም ልምምድ የሚመለስ የጎረቤት ልጅ ገመድ ላይ ያሰጣውን ረጅም የኳስ ካልሲ አንዱን ይዛ መጣች። ቢጫ አልነበረም፤ አረንጓዴ ነው። በከሰል ነጠብጣብ አደረግንለት፣ ሁለት ቁልፍ ሰፍተን ዓይን አወጣንለት፣ እጇን አስገባችና አፉን ከፈተች። የሆጤዋ ፀሐይ በዚያች ቀን ተወለደች። ልጁ ካልሲውን ሲፈልግ ከርሞ ያገኘው አፉን ከፍቶ «እጅህን ታጥበሃል?» ሲለው ነው።

መቼም ዝግጅቱ ለእኔ ዕድሜ አልተሠራም። እኔ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ነበር፤ «ሀ ሁ»ን አልፌ፣ ማባዛት ውስጥ ገብቼ። ትልቅ ነኝ ለማለት ያህል እግሬን አጣምሬ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ «ለእሷ ብዬ ነው» እላለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። አንዲት ክፍል ካመለጠችኝ ቀኑን ሙሉ ይከፋኝ ነበር። ማምለጥ ደግሞ ብዙ ነበር፤ ሆጤ ላይ ቴሌቪዥን ማየት ጉልበት ይጠይቃል። ከጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ሰፈሩን ሲያለብሰው ምስሉ አብሮ ይደበዝዛል። አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ ያቀብላል፣ አንዱ ከውስጥ ይጮኻል። «መጣ?» «ትንሽ ወደ ስታዲየሙ!» «አሁንስ?» «አለፈ! መልሰው!» ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሁልጊዜ እኔ ስለነበርሁ፣ ብዙውን የፀሐይ ዘፈን የሰማሁት ቆርቆሮ ላይ ተንበርክኬ፣ ምስሉን ሳላይ ነው። አንቴናው ሲስተካከል መብራት ይሄዳል። ይኼ እንኳ ዛሬም ያለ ስለሆነ ትዝታ ብዬ አልቆጥረውም።

ፀሐይ የመጣችው ባዶ ወንበር ላይ ነው። ከእሷ በፊት የልጆች ጊዜ ማለት አባባ ተስፋዬ ማለት ነበር። ተስፋዬ ሣህሉ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ወደ አገራችን ሲገባ አብረው ገብተው ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ ቆይተው በ1998 ከመስኮቱ ተለዩ። እናቴ እንኳ በእሳቸው ተረት ያደገች ናት። የእሳቸው መሄድ ቤታችን ውስጥ እንደ ሐዘን ነበር፤ አያቴ ካልሲዋን ስታይ «እኒያን የመሰሉ ሰውዬ አውጥተው ይቺን አስገቡ?» ብላ ተቀየመች። እኔ በሁለቱ መካከል መምረጥ አልችልም። አባባ ተስፋዬ ይይዙን የነበረው በድምፃቸውና በዓይናቸው ነው፤ አያት ናቸው፣ እሳቸው ያወራሉ አንተ ትሰማለህ። ፀሐይ ደግሞ እኩያ ናት። ታጠፋለች፣ ትጠይቃለች፣ ይነገራታል። ከቴሌቪዥን ውስጥ አላዋቂ ሆኖ የመጣልን የመጀመሪያው ሰው፣ ቀጭኔም ቢሆን፣ እሷ ነበረች።

እዚህ ላይ ስለ ሌሎቹ ቢጫዎች ካልተናገርሁ ታሪኩ ይጎድላል። ፀሐይ ከመምጣቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1998 መጀመሪያ ረመዳን ነበር። እኛ እቴቴ የምንላቸው ጎረቤታችን ልጃቸው ከጂዳ ስትመለስ ባመጣችው ገንዘብ ሰፈሩ ውስጥ ቀድመው ዲሽ ያስገቡ ናቸው። እኛ ፆሙን ባንፆምም ማፍጠሪያው ላይ ግን አንቀርም፤ ተምሩ፣ ሾርባው፣ ሳንቡሳው፣ አብሹ ለሁላችንም ነው፤ እቴቴ እንደሆነ ሳይቆጥሩ ነው የሚያቀርቡት። ከዚያ ዲሹ ይከፈታል፣ ኤምቢሲ ላይ። ዓይናቸው የፈጠጠ፣ አራት ጣት ያላቸው፣ እንደ ሽሮ ቢጫ የሆኑ ቤተሰቦች ይመጣሉ። አባትየው ራሰ በራ ነው፣ የእናትየዋ ፀጉር ሰማያዊና የሚናሬት ቁመት ያለው። እቴቴ መጀመሪያ ሲያዩዋቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ያረቢ! ሁላቸውንም የወፍ በሽታ ይዟቸው!» አሉ።

እነዚህ «ዘ ሲምፕሰንስ» የሚባሉት አሜሪካኖች ናቸው፤ የዓረቡ ጣቢያ «አል ሸምሹን» ብሎ በዓረብኛ አስናግሯቸው ነበር። ሆመር ዑመር ሆኗል፣ ባርት በድር፣ ማርጅ ሙና። ለዑመር ድምፁን የሰጠው የግብፁ ኮሜዲያን ሙሐመድ ሄነዲ ነው። ሰውየው በአሜሪካ ቢራ አይጠግብም፤ በረመዳኑ ቅጂ ግን የሚጠጣው ጭማቂ ነው፣ የአሳማ ሥጋውም የበሬ ተደርጎለታል፣ መጠጥ ቤቱም ተቆርጦ ወጥቷል። ተቺዎች ያኔ «አበላሹት» ብለው ሲጮኹ ነበር። ከታቀዱት 52 ክፍሎች 34ቱ ብቻ ታይተው ቀሩ። እኔ ግን ወሎዬ ነኝና ነገሩ አልከበደኝም፤ አንዱ ቤት ጠላ፣ አንዱ ቤት ቃሪቦ፣ ገብሱ ያው ነው። አስቸጋሪው ትርጉሙ ነበር። ተርጓሚያችን ከጂዳ የመጣችው የእቴቴ ልጅ ናት። «ምን አለ?» እንላታለን። «ሚስቱን ይቅርታ ጠየቀ።» ሰውየው ግን ልጁን አንቆ ይዞ ምላሱን አስወጥቶታል። ብዙ ቆይቼ ዋናውን ሳይ ያኔ የሳቅሁበት ታሪክ ግማሹ የእሷ ድርሰት እንደነበረ ገባኝ። ከዋናው አይሻልም ብዬ ግን አልምልም።

ዋናውን ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ፒያሳ ከሚገኝ ፊልም ከሚጭን ሱቅ በፍላሽ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አስጭኜ። ሰው ሁሉ ከመሀል ይጀምራል፤ እኔ ከሥሩ መጀመር እወዳለሁ። የመጀመሪያው ሙሉ ክፍል በአሜሪካ የታየው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1989 ነው፤ የገና ታሪክ ነው፣ ቤተሰቡ ገንዘብ አጥቶ በመጨረሻ በውድድር የተሸነፈ ውሻ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባበት። ከዚያም በፊት ከ1987 ጀምሮ በሌላ ሰው ዝግጅት መሀል የሚገቡ ቁርጥራጮች ነበሩ። ፈጣሪው ማት ግሮኒንግ ቤተሰቡን የነደፈው ቢሮ ደጅ ተራ ሲጠብቅ ነው ይባላል፤ ስም ቢያጣላቸው የገዛ አባቱን፣ የእናቱንና የእህቶቹን ስም ሰጣቸው። እነዚያን የመጀመሪያዎቹን ስታዩ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ፊታቸው እንደ ሊጥ ይሳባል፣ የሆመር ድምፅ እንኳ ገና አልተገኘም፤ ዳን ካስቴላኔታ ያኔ ዋልተር ማታው የተባለውን ተዋናይ እየኮረጀ ነው የሚናገረው። ዛሬ ከ750 በላይ ክፍሎች ሆነዋል፤ ሥዕሉ እንከን የለውም። ሳቁ ግን ወደ ኋላ በሄድሁ ቁጥር ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኅዳር ላይ በታየው አንድ ክፍል እናትየዋና ሁለቱ ልጆች የኢትዮጵያውያን ሰፈር ገብተው እንጀራ ሲበሉ አይቼ ብድግ ብዬ አጨብጭቤአለሁ። እቴቴ ቢያዩ ኖሮ «አያችሁ፣ የወፍ በሽታው እንጀራ ሲያጡ ነው» የሚሉ ይመስለኛል።

ፀሐይን ከሥሯ ጀምሬ ለማየት የተነሳሁት ደግሞ በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ልጅቷ የምታውቀው የዛሬዋን ፀሐይ ነው፤ በኮምፒዩተር የተሳለች፣ የምትሮጥ የምትዘል፣ ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም የምትናገር። ያው ድርጅት ቆይቶ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የሦስት ጀግና ልጃገረዶች ካርቱንም ሠርቷል፤ ደህና ሥራ ነው፣ ልጃገረዶችን ስለሚነካ ክፉ ልማድ ደፍሮ ይናገራል። በስልኬ ዩቲዩብ ላይ የድሮዎቹን ፈልጌ አወጣሁና ለልጅቷ ከፈትሁላት። መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ድምፁ የሳሎን ድምፅ ነው፣ ቀጭኔዋ ካልሲ ናት። ትንሽ አየችና «ይቺ የታመመችው ፀሐይ ናት?» አለችኝ። የእቴቴ ደም የላትም፣ ሰፈሩ ነው መሰለኝ።

እኔ ግን ፈዝዤ ነው የቀረሁት። ቆርቆሮ ላይ ሆኜ የሰማኋቸውን ዘፈኖች በዚህ ዕድሜዬ ከነምስላቸው አየኋቸው። ትልቅ ሰው ሆነው ሲያዩት ቀልዱ ልጅነት ሊመስል ይገባው ነበር፤ አልመሰለኝም። የእጅ መታጠብን ነገር የሚነግራችሁ ሰው ራሱ እጁ ካልሲ ውስጥ መሆኑን እያያችሁ ታምኑታላችሁ፤ ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም። ዓለምም ያወቃት በዚያው ካልሲነቷ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ፕራይዝንና የሙኒኩን የፕሪ ጀነስ ሽልማት ስትወስድ ገና አልተሳለችም ነበር።

ስለዚህ ብትጠይቁኝ ፍርዴ ለመጀመሪያዎቹ ነው። ምክንያቴ ናፍቆት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ተስላ የመጣችውን ፀሐይ አንድ የደሴ ልጅ ከማየት በቀር ምንም ሊያደርጋት አይችልም፤ ኮምፒዩተሩም ባለሙያውም የለውም። የካልሲዋን ግን በማግስቱ ይሠራታል። እኛ ሠርተናታል። የሆጤዋ አረንጓዴ ፀሐይ አንድ ክረምት ሙሉ ከእቴቴ በረንዳ ላይ ለሰፈሩ ልጆች ዝግጅት ስታቀርብ ከርማለች፤ መግቢያው ቆሎ ነበር። ድምጿን የምትሰጠው እህቴ ናት፣ ተረቱን የምፈጥረው እኔ። ዛሬ ለኑሮዬ የምጽፍ ሰው ከሆንሁ መጀመሪያ የጻፍሁት ለካልሲ ነው።

የአባባ ተስፋዬን የመጀመሪያ ዓመታት ተረት ግን ከሥሩ ጀምሬ ልይ ብል ከየት አመጣዋለሁ? ዩቲዩብ ላይ ያለው ቁርጥራጭ ነው። ከጂዳና ከሪያድ ዴክ ያመጣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ብዙ ነበር፤ ዴክ ያለው ሰው ደግሞ ከቴሌቪዥን ይቀዳ ነበር። በ2014ቱ ጦርነት ከብዙ ቤት ቴሌቪዥኑም ዴክም ተዘርፏል፤ ካሴት ግን ለዘራፊ አይረባምና የተረፈ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። እባካችሁ ቁም ሳጥናችሁ ላይ ያለውን ሳጥን አውርዱ። «የሰርግ» ተብሎ የተጻፈበትን ጭምር እስከ መጨረሻው አጫውቱት፤ ከሙሽሮቹ በኋላ የልጆች ጊዜ ተቀድቶበት ይሆናል። ካገኛችሁ ደህና ፎቶ ቤት ወስዳችሁ ወደ ፍላሽ አስገልብጡትና ለልጆቻችሁ አሳዩልኝ።