የ7 ቁጥሩ ኮምፒዩተር ሰዓት

በዚህ ጋዜጣ ላይ ከዚህ ቀደም የጻፍኩት ሁሉ ሠልጣኞችን የሚመክር ነበር። የዛሬው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት የዕለት ትምህርት ዕቅድ በኮምፒዩተር ጽፋችሁ በፍላሽ አምጡ ብዬ ነበር። ሁለት ሠልጣኞች ያመጡት ከአርእስቱ እስከ አራት ነጥቡ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ማን ከማን ኮረጀ? እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ሰዓት ተመለከትኩ። የወንዱ 9:02 ይላል፤ የሴቷ 11:10። እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር የእሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ2፣ የእሷ 5 ሰዓት ከ10 መሆኑ ነው። እንግዲህ እሱ ቀድሟል። ለልጅቷ ዜሮ ሰጠኋት፤ ይህም አልበቃ ብሎኝ በክፍል ፊት «ኮራጅ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ቢሮዬ መጣች። አላለቀሰችም።

«መምህር፣ ያን ዕለት ጠዋት በ3 ሰዓት እሱ የት ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እርስዎ ክፍል ነበራ! ስም ጠርተው የለም እንዴ?»

መዝገቡን ገለጥኩ። ተገኝቷል። ምልክቱን ያደረገው የገዛ እጄ ነው።

አብረን ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ወረድን። ልጁ የሠራው በ7 ቁጥሩ ላይ ነበር። ኮምፒዩተር ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥር ሳንቲም የምታህል ባትሪ በውስጡ አለች፤ የ7 ቁጥሩ ሞታ ኖሯል። ስለዚህ የክፍሉ ሠራተኛ በየጠዋቱ የእጅ ሰዓቱን እያየ በእጁ ይሞላዋል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን 3:00 ብሎ። ማሽኑ በዚህ የተነሳ 6 ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ልጁ ከእሷ ፍላሽ ቀድቶ ስሙን ለውጦ ያስቀመጠው በእውነቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ማለትም እሷ ከጨረሰች 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነበር። ሲጠየቅም አመነ። የሚገርመው ማንም አለመጠርጠሩ ነው። የእጅ ሰዓታችን 9 ሲል እሱም 9 ይላላ! እንዲያውም የተበላሹ የሚመስሉት ትክክለኞቹ ነበሩ።

ባትሪዋን ቀየርን። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የኮምፒዩተር ሰዓት የሚመራው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ ኳርትዝ ነው፤ ሙቀትና ዕድሜ ያዛንፉታል፤ በየቀኑ አንድ ሁለት ሴኮንድ እያለ በወራት ውስጥ ደቂቃ ይሞላል። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ያለ የሰዓት ሰርቨርን እንዲጠይቅ አዘዝነው። ኤንቲፒ የሚባለውን ይህን ዘዴ ያወጡት ዴቪድ ሚልስ የተባሉ አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ ጽሑፉ የወጣው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው።

አሠራሩን ለልጅቷ ያስረዳኋት እንዲህ ነው። በእኛ ሰዓት ልክ 2:00 ላይ «ጎረቤት ስንት ሰዓት ነው?» ብለን ልጅ ላክን እንበል። ጎረቤት «2:20» አሉት። ተመልሶ ሲገባ የእኛ 2:10 ይላል። ደርሶ መልሱ 10 ደቂቃ ፈጀ፤ ግማሹ 5። እንግዲያው ጎረቤት 2:20 ባሉበት ቅጽበት የእኛ 2:05 ነበር፤ 15 ደቂቃ ቀርተናል ማለት ነው። ኮምፒዩተሩም ይህንኑ በሴኮንድ ሽራፊ ያሰላል። «ልጁ ሲመለስ ኳስ ሊያይ ቢቆምስ?» አለችኝ። ያኔማ ሒሳቡ ይዛባል! ለዚህ ነው ጠንቃቃ ፕሮግራሞች ከብዙ ጎረቤት ደጋግመው የሚጠይቁት። (ይህን ጥያቄ ያቀረበች ልጅ ነች እንግዲህ ኮራጅ የተባለችው።)

ሰርቨሩ የሚልከው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ 3 ሰዓት የሚጨምርበት ማሽኑ ራሱ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የእኛ ከተማ ስላልነበረች ናይሮቢን መረጥን፤ ሰዓታችን አንድ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አሁንም 9:00 ማለቱን ግን የትኛውም ሰርቨር አይለውጠውም። ሠራተኛው «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ራሱ ለጥፎበታል።

ውጤቷን አስተካክዬ ለመዝገብ ቤት ልኬአለሁ። ይቅርታ የጠየቅኋት ግን ቢሮዬ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ የሰደብኳት 40 ሰው ፊት ነው። ይህን እዚህ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ስለዚህ ነው።