ከዝገት ሥር ያለው ስም

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ጋፋት ከተባለው ኮረብታ ግርጌ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የቆመች አሮጌ ላንድሮቨር አለች። ቀለሟ ቀድሞ አረንጓዴ እንደ ነበረ የሚመሰክረው በበሮቿ ማጠፊያ ውስጥ የተረፈው ቅሪት ብቻ ነው። መንደርተኛው ከሩቅ በድምፅዋ ያውቃታል። ምጥ የጠናባትን እናት በሌሊት ሐኪም ቤት አድርሳለች፤ ሙሽራ አጅባለች፤ ከጉና ግርጌ የተጫነ ድንች ይዛ ገበያ ወርዳለች፤ ሬሳም አሳፍራለች። እንዲህ ያለችው መኪና አንድ ቀን «ለመሆኑ አንቺ ማን ነሽ?» ተብላ ትጠየቃለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው ባለቤቷ ባረፉ በዓመቱ ነው። ሟቹ በጕልምስናቸው የመንገድ ቀያሾች ሹፌር የነበሩ፣ ኋላም ይህችን መኪና በጨረታ ገዝተው ልጆቻቸውን በእርስዋ ያሳደጉ ሰው ነበሩ። ታላቁ ልጃቸው በከተማው የታሪክ መምህር ነው። የወራሽነት ማስረጃውን ይዞ ሊብሬውን በስሙ ለማዛወር ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደ። መርማሪው ጋቢናው ውስጥ በብሎን የተያዘችውን ቀጭን ሠሌዳ አነበበና ከሊብሬው ጋር አመሳከረ፤ አንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ የእጅ ባትሪውን ይዞ ከፊት ጎማዋ ሥር ተንበረከከ። ብዙ ቆየ። ሲነሣ የጕልበቱን አቧራ እያራገፈ፣ «የሻንሲው ቁጥር አይታይም። አጽድተው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሱ። ካልተመሳከረ ስም ማዛወር አይቻልም» አለው።

መምህሩ በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ማጉላላት ቆጠረው። ቁጥሩ በሠሌዳው ላይ አለ፤ በሊብሬውም ላይ አለ፤ ሦስተኛ ምስክር ለምን አስፈለገ? እያደር ግን የመርማሪውን ሐሳብ ተረዳ። ሠሌዳ በብሎን ይታሰራል፤ በብሎን የታሰረ ነገር በካቻቢቴ ይፈታል። ከአንዷ መኪና ተነቅሎ በሌላዋ ላይ ቢገጠም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ሊብሬም ወረቀት ነው፤ የተነገረውን ይዞ ይኖራል። በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ግን ከብረቱ ሥጋ ውስጥ የገባ ነው። ሞተር ይለወጣል፤ ካምቢዮ ይለወጣል፤ በርና ኮፈን ይለወጣል። መኪናይቱን ያቺው መኪና የሚያሰኛት ሁሉን የተሸከመው ያ አጥንት ነው።

ላንድሮቨርን በተመለከተ ይህ ነገር ምፀት አለበት። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ አካሏን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት፤ ሻንሲውን ግን ከብረት ከማድረግ የተሻለ መላ አልነበረም። እንግዲህ ሰው የሚያየው አካሏ ከዝገት ይድናል፤ ስሟን የያዘው አጥንቷ ይዝጋል። ከዚያ ጊዜ ዐሥር ዓመት በኋላ የመጣችው ዐይነትና ተከታዮቿ ደግሞ ቁጥራቸው የተመታው በስተቀኝ ባለው የፊት ባሌስትራ ማንጠልጠያ ላይ ነው። ጭቃም፣ ጠጠርም፣ የወንዝ ውኃም ቀድሞ የሚያገኘው ያንን ቦታ ነው።

ቁጥሩም እንዲያው የተደረደረ አኃዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 በተሠሩት፣ «ሁለት ኤ» በሚባሉት ላንድሮቨሮች ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የመኪናዋን ዐይነትና ለማን እንደ ተሠራች ይናገራሉ። በቤንዚን የምትሠራው አጭሯ ላንድሮቨር ቁጥሯ በ241 ከጀመረ ለዚያው ለእንግሊዝ ገበያ የተሠራች ናት፤ በ242 ከጀመረ መሪዋ በቀኝ ሆኖ ወደ ውጭ አገር የተላከች፣ በ244 ከጀመረ ደግሞ መሪዋ በግራ ሆኖ የተላከች ናት። የሚቀጥሉት አምስት አኃዞች ተራዋ ናቸው። ከሁሉ በኋላ የምትመጣው አንዲት የላቲን ፊደል ፋብሪካው የአሠራር ለውጥ ባደረገ ቁጥር የምትቀየር፣ መለዋወጫ ለሚፈልግ መካኒክ የተተወች ምልክት ናት። የዓለም መኪና ሠሪዎች ኋላ በተስማሙበት፣ 17 ምልክቶች ባሉት ቁጥር ውስጥ፣ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ከነጭራሹ ተትተዋል። አንዲት ጭረት አንዷን ከሌላዋ ታሳስታለችና።

የሟቹ ላንድሮቨር ቁጥር በሊብሬውም በሠሌዳውም በ244 ይጀምራል። መሪዋም በግራ ነው። የሚጋጭ ነገር የለም። ሆኖም መምህሩ ዝገቱን ለመፋቅ አልቸኮለም። ከተሰጠው ሁለት ሳምንት ዐሥሩ ቀን እንዲሁ አለፈ። በልቡ ያለውን ለሚስቱም አልነገረም። እርሱ ገና ልጅ ሳለ መኪናይቱ ወደ ዓለም በር በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ ነበር። አባቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ፤ መኪናይቱ ግን ለብዙ ወራት ከግቢው ጠፋች። ተመልሳ በመጣች ጊዜ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ፣ «የአባትህ መኪናማ ሞታለች፤ ይቺ ሌላ ናት» እያሉ ያሾፉበት ነበር። በዚህ ሰበብ ተደባድቦ ጥርሱ ተነቃንቋል። አባቱን ግን አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም ያንን ነገር አንሥተው አያውቁም ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን የአባቱን የሥራ ጓደኛ፣ አሁን ግን ዐይናቸው የደከመውን ሽማግሌ መካኒክ አስጠራ። ሽማግሌው የመሣሪያ ሳጥናቸውን በልጅ አሸክመው መጡ። መኪናይቱን በክሪክ አነሡ፤ ከማንጠልጠያው ላይ የደረቀውን ጭቃ በካቻቢቴ ፈነቀሉ፤ ነጭ ጋዝ አርከፈከፉበትና እስኪበላው ጠበቁ። ከዚያም በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ፋቁት። «ከተጫኑት ቁጥሩን ራሱን ይበላዋል፤ ዝገትና ቁጥር ጎረቤት ናቸው» አሉ። በመጨረሻ ጠመኔ አሹበት። ነጩ ዱቄት በተመታው ጎድጓዳ ውስጥ ሲቀር አኃዞቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። 2 ታየ። 4 ታየ። ሦስተኛው ደግሞ 2 ሆነ።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ አነበበው። የሚቀጥሉትም አምስት አኃዞች ከሊብሬው ጋር አይገጥሙም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁ ኖሯል።»

«አውቃለሁ ልጄ። በእጄ የሠራሁትን እንዴት አላውቅ?» አሉ ሽማግሌው፤ ጨርቅ ፈልገው እጃቸውን ጠረጉ። «ያን ጊዜ ሻንሲው ከወገቡ ተሰብሮ ነበር። አባትህ ሥራ የፈታች የሌላ ላንድሮቨር አጥንት በገንዘባቸው ገዙ። አካሉን፣ ሞተሩን፣ ሠሌዳውን አምጥቼ በእርስዋ ላይ ጫንሁት። ስርቆት የለበትም። ማስመዝገብ ነበረባቸው፤ ነገ፣ ነገ ሲሉ ዕድሜያቸው አለቀ።»

የ242ም ምሥጢር ተገለጠ። በኢትዮጵያ እስከ ግንቦት 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነበር፤ በቀኝ መነዳት የተጀመረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ያ ሻንሲ መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የተሠራ ነበር። በላንድሮቨር ላይ መሪን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ማዛወር ከሌሎች መኪናዎች ይልቅ የቀለለ ስለ ሆነ፣ ማንም ሳያስተውለው ግራውን መሪ ተሸክሞ ዓመታትን ኖረ።

ሽማግሌው ከሳጥናቸው አንድ የቆዳ ከረጢት አውጥተው በመምህሩ ፊት ፈቱት። ቁጥር መምቻ ብረቶች ናቸው፤ ከ0 እስከ 9። «ይህን በሞረድ ልጬ የሊብሬውን ቁጥር ብመታበት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የአባትህም ስም በየቢሮው አይነሣ፤ አንተም ወረቀትህን ትይዛለህ። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ አዲስ መሆኑን ማን ይለየዋል?» አሉ። የተናገሩት በክፋት አልነበረም፤ ወዳጃቸውን ከመቃብር በኋላ ሊጠብቁላቸው ፈልገው ነው።

መምህሩ መልስ ሳይሰጥ ቀና ብሎ ኮረብታውን ተመለከተ። በየዓመቱ ተማሪዎቹን ይዞ ወደዚያ ይወጣል። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡት እነ ዋልድማየርና እነ ሳልሙለር በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ መድፍ ሠሪዎች የሆኑት እዚያ መሆኑን ይነግራቸዋል። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚያ ቀልጦ እንደ ፈሰሰ፣ መንኮራኩር ተሠርቶለት፣ ገደሉ እየተናደ መንገድ ተጠርጎለት፣ ከጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት እየተጎተተ መቅደላ እንደ ደረሰ ያስረዳቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ መድፉ እዚያው ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ፣ «ቁጥር ከሌለው፣ ያ እዚህ የተሠራው መሆኑ በምን ይታወቃል?» ብሎ ጠይቆት ነበር። «በክብደቱ፤ ማን ሊለውጠው ይችላል?» ብሎ ክፍሉን አስቆ ነበር።

አሁን ግን ትዝ ያለው ሌላው ሴባስቶፖል ነው፤ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስለ መድፍ። አላፊ አግዳሚው ያከብረዋል፤ አባት ለልጁ ያሳየዋል። ምስል መሆኑ አላዋረደውም፤ ምስል ነኝ ብሎ ቆሟልና። እኔ መቅደላ የወጣሁት ነኝ ቢል ግን ሐሰተኛ በሆነ፣ እውነተኛውንም ባስጠረጠረ ነበር።

«አይሆንም ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «አባቴ ያጠፉት አንድ ነገር አለማስመዝገባቸው ነው። ይህን ከመታንበት ግን ሌባ እናደርጋቸዋለን። ደግሞ የገዙትን ብረት ስም እኛ ስንፍቀው፣ እርሳቸው የተሸከሙትን እውነት መፋቃችን ነው።»

ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ብረቶቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ መለሱ፤ የ4ቷን ከመመለሳቸው በፊት በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

በማግሥቱ ሁለቱም ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። መምህሩ በቁጥሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ አሽቶ ያወጣውን አሻራ አቀረበ፤ ሽማግሌውም የሠሩትን በቃላቸው አስረዱ፤ ፈረሙም። መርማሪው አልተቈጣም። ወረቀቱን ከብርሃን አንጻር ይዞ አየው። «ይህ ረጅም መንገድ ነው። ይህ ሻንሲ የሚፈለግ እንዳልሆነ ይጣራል። ላይሳካም ይችላል» አለ። በእንግሊዝ አገር ጌይደን በተባለ ቦታ ያለው የመኪና ቤተ መዘክር የላንድሮቨርን የፋብሪካ መዝገብ ይዞ፣ የሻንሲ ቁጥር ላቀረበለት ሰው መኪናይቱ የተሠራችበትን ቀንና የተላከችበትን አገር ጽፎ ይሰጣል። መምህሩ በዚያ አገር ለሚኖር ዘመዱ ሁለቱንም ቁጥሮች ላከለት፤ የሞተችውንም፣ የተሸከመቻትንም።

መልስ እስኪመጣ ድረስ መኪናይቱ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማለች። ቦሎ ስላልታደሰላት ገበያ አትወርድም። የሚያልፍ ሰው ሁሉ «ምነው ቆመች?» ይላል፤ መምህሩም ሳይደብቅ ይነግረዋል። አንዳንዱ «ሞኝ ነህ» ይለዋል፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይሄዳል። የክረምቱ የመጀመሪያ ደመና በጉና ላይ በታየበት ምሽት፣ መምህሩ አንድ ጣሳ ግሪስ ይዞ ከፊት ጎማዋ ሥር ተንበረከከ። ጠመኔውን ጠረገና ቁጥሩን እስኪሸፈን ድረስ ቀባው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈልገው ሰው ሳይቸገር እንዲያነበው።