«ምርጫው ያንቺ ቢሆን ኖሮ፣ ስንት ትወልጂ ነበር?»

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ጥያቄ ላወራችሁ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ቤት ለቤት መረጃ ሲሰበስቡ እናቶችን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። በእኛ አነጋገር እንዲህ ነው፦ ገና አንድም ልጅ ወዳልወለድሽበት ጊዜ ብትመለሺና በዕድሜሽ ሙሉ የሚኖሩሽን ልጆች ቁጥር ራስሽ መምረጥ ብትችዪ፣ ስንት ይሆኑ ነበር?

በእኛ ሰፈር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእኛ ጥያቄ «ሁለተኛው መቼ ነው?» ነው። እኔ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳር ነኝ፤ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ሠርግ ቤት ተጠይቄያለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። ዝም ስል መልሱን ራሳቸው ይሰጡታል፦ «የዛሬ ልጆች ድሎት ወዳችሁ፣ ፈረንጅ ሆናችሁ!»

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1990 3.1 ነበር። በ2000 1.9 ሆነ። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ 1.8። አንድ ትውልድ ራሱን እንዲተካ 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። በዚያው በ2016 የገጠሩ አማካይ 5.2፣ የሶማሌ ክልል 7.2 ነበር።

የአዲስ አበባ ሰው ድሎት በዝቶበት ነው እንዳንል፣ ጉዳዩን ያጠኑት ሌላ ነገር ነው የሚነግሩን። በ1990ዎቹ ለታየው መቀነስ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው የትዳር መዘግየት ነው፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ትዳሩ ለምን ዘገየ ቢሉ፣ ሥራ የለም፣ ቤት የለም። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪው እሸቱ ጉርሙ ከሩት ሜስ ጋር በ2008 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ገና ከርዕሱ የአዲስ አበባን የወሊድ መቀነስ የገፋው ድህነት ነው ይላል።

ይህን ሳነብ ስለ እኔ ቤት የተጻፈ መሰለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቤት ስንፈልግ አንዲት አከራይ ወደዱን፤ በዋጋም ተስማማን። ደላላው እዚያው ቆሟል።

«ልጅ አላችሁ እንዴ?» አሉ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችን፣ እትዬ።»

«እሷስ ትግባ። ሌላ ግን አትጨምሩም አይደል? ውኃ እኮ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው።»

ባለቤቴ «አንጨምርም» አለ። ቁልፉን ተቀበልን። የቤተሰባችን ቁጥር በደላላ ምስክርነት በር ላይ ተወሰነ።

ቤቱ ቢገኝ እንኳ ሌላ ስሌት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። በ91ኛው ቀን ልጁን ማን ይይዘዋል? ለሞግዚት የምከፍለው የደመወዜን ግማሽ ይበላል።

አክስቶቼ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። እናቴ ስድስት ወልዳ አሳድጋለች፤ እውነት ነው። ግን የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነበር፤ ኪራዩ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። እናቴ ገበያ ስትሄድ ጎረቤት ያበላን ነበር፤ የጎረቤት ልጆችም እኛ ቤት ይተኙ ነበር። ያሳደገን ዕድል ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ገጠር እንሂድ። በዚያው በ2016ቱ ዳሰሳ የአገሪቱ አማካይ 4.6 ሲሆን፣ ሴቶች የሚፈልጉትን ያህል ብቻ ቢወልዱ ኖሮ 3.6 ይሆን ነበር። አንድ ልጅ ሙሉ ልዩነት ነው። የገጠሯ እህቴ ካሰበችው በላይ ወለደች፤ እኔ ካሰብኩት በታች ላይ ቆሜያለሁ። እሷን «አበዛሽ» ይሏታል፤ እኔን «ስስታም ነሽ» ይሉኛል። የሁለታችንም ምርጫ ግን በእጃችን አልነበረም። ለእሷ ቅርብ የሆነ ጤና ጣቢያና የሚሰማት ባል ያስፈልጋታል። ለእኔ ደግሞ «ሌላ አትጨምሩም አይደል?» የማይባልበት ቤትና በቅናሽ የሚገኝ የሕፃናት ማቆያ።

ስለዚህ የሕዝብ ቁጥር በዛ ወይም አነሰ ብላችሁ ስትከራከሩ፣ ከሴቷ ማኅፀን በፊት የቤት ኪራይ ውሏን እዩ። ያ የባለሙያዎቹ ጥያቄ ለእኔ ቢመጣ መልሴ ዝግጁ ነው፦ ሁለት። ልጄም እህት ወይም ወንድም ትፈልጋለች፤ በየማታው ትጠይቀኛለች።

ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁን «ወልዶ ለመሳም፣ ዘርቶ ለመቃም ያብቃችሁ» ይላሉ። አሜን። ግን ዘርቶ ለመቃም መሬት እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል። ወልዶ ለመሳምም ቤት ያስፈልጋል።

ቸር እንሰንብት።