«አልታየም» እና «የለም»

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሏ «አልታየም» ናት። ይህች ቃል አንድ ሚዜ ልታሳጣን ምንም አልቀራትም ነበር። እውነቱን ከተናገርን ግን ጥፋቱ የቃሏ ሳይሆን የእኛ ነው፤ አንብበን ያልገባን የእኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ መምህር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ስንወጣ እኛ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ፍለጋ ጫማችንን ስንጨርስ፣ እሱ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ቦርደዴ ተመድቦ ሄደ። ቦርደዴን ወደ ድሬዳዋ በመኪና የሄደ ሁሉ አልፏታል፤ ልብ ብሎ ያያት ግን ጥቂት ነው። ከአዋሽ ተነስታችሁ ወደ ሚኤሶ ስትገሰግሱ፣ ግራርና ግመል ማየት ስትጀምሩ፣ አስፋልቱ ዳር የምታገኟት ቆላ ከተማ ናት። «መስኮቱን ዝጉልን፣ ብርድ ይመታናል» የሚለው የአውቶቡስ ጠብ እዚያ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ያበቃል። የጭሮ (የአሰበ ተፈሪ) ዳገትና ነፋሻ አየር ገና ከፊታችሁ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ሌላው ጓደኛችን አገባ። ቲቸር (እንዲህ ነው የምንጠራው) ዋና ሚዜ ነበርና ከቦርደዴ መጣ። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ «ብርድ ብርድ አለኝ» ይል ነበር። እኛም «የቆላ ሰው ሆነሃል፣ የአዲስ አበባን ጥቅምት ረሳኸው እንዴ?» ብለን ሳቅንበት። እሑድ ኬክ ሲቆረስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቪዲዮው ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። የሚያየው ሰው ሁሉ «ሚዜው ፈራ» ብሎ ይስቃል። እኛ ግን ያን ቦታ ስንደርስ አንስቅም።

ሰኞ ጠዋት ደግፈን ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ካርድ ክፍል «አድራሻ?» ተብሎ ሲጠየቅ እሱ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። እኛ ቀደም ብለን «አራት ኪሎ» አልን። በቃ! ያደረበት የእኛ ቤት ነዋ። «ቦርደዴ» የምትለዋ ቃል ከአፋችን አልወጣችም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀት መጣ። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ታይፎይድ ፖዘቲቭ። ሁለተኛ፣ የወባ ተህዋስ አልታየም።

ቲቸር ወረቀቱን አይቶ «እኔ ግን ወባ ይመስለኛል፤ እዚያ ስመጣ ብዙ ሰው ታሞ ነበር» አለ። እኛ ወባ ታመን የማናውቅ ሰዎች፣ «ወረቀቱ እኮ የለም ይላል!» ብለን አፉን አስዘጋነው። ልብ በሉ፤ ወረቀቱ «የለም» አላለም።

መቼም አዲስ አበባ ኖሮ «ታይፎይድ አለብህ» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ራሳችንን ባመመን፣ ሆዳችንን በቆረጠን ቁጥር ታይፎይድ ነን። ዊዳል የሚባለው የተለመደው ምርመራ ተህዋሱን ራሱን አያሳይም። የሚያሳየው ሰውነታችን ተህዋሱን ለመዋጋት የሠራውን መከላከያ ነው። መከላከያው ደግሞ ካለፈ ሕመም ተርፎ ሊቆይ ይችላል፤ ሌላ በሽታም፣ ወባ ጭምር፣ ምርመራውን ሊያሳስተው ይችላል። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። ያን ዕለት ሲፕሮ ገዝተን፣ ጁስ ጨምቀን፣ አስተኛነው።

ረቡዕ ላብ በላብ ሆኖ ትኩሳቱ ወረደ። «መድኃኒቱ ሠራ!» ብለን ደስ አለን። ፈቃዱ አልቆ ስለነበር ሐሙስ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ሁለታችን ልንሸኘው፣ በዚያውም ቦርደዴን ልናያት። መተሐራ ላይ እንደገና ያንቀጠቅጠው ጀመር። አዋሽ ስንደርስ አያወራም። ቦርደዴ ስንወርድ በሁለታችን ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያው በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው ስም አልነበረም። «የት ነው የሚያድረው? አጎበር አለው?» አለን። የአዲስ አበባውን ወረቀት እንደ ዋስትና ዘረጋንለት። አነበበና «አቦ፣ ይሄ እኮ አልታየም ነው የሚለው» አለ። «ያኔ አልታየም። አሁን እናያለን፤ ቁጭ በሉ።»

ቁጭ አልን። የቲቸርን ጣት ወጋና በአንድ ስላይድ ላይ ሁለት ቦታ ደም አደረገ። አንዱን ወፍራም አድርጎ ተወው፤ ሌላውን ቀጭን አድርጎ በስሱ ሳበው። «ወፍራሙ ለማግኘት ነው፣ ስሱ ማንነቷን ለመለየት» አለን። ከዚያ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ጊምሳ በሚባለው ቀለም መንከር፣ ማጠብ፣ እንደገና ማድረቅ። እኛ በየደቂቃው ሰዓታችንን እናያለን። እሱ አይቸኩልም።

ወደ ማይክሮስኮፑ ሲቀመጥ መብራት ጠፋ። (ያው ታውቁታላችሁ።) ከቁም ሳጥኑ አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ አወጣ። ከሥሩ አምፖል የለውም፤ ክብ መስታወት ነው ያለው። መስኮቱ ሥር አስቀምጦ መስታወቱን ወደ ሰማዩ ብርሃን አዞረው። ስላይዱ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ጣል አደረገና ማየት ጀመረ። በስተቀኙ ወረቀት አለ፤ ባየ ቁጥር በእርሳስ ይጭራል። «ምንድን ነው የሚቆጥሩት ጋሼ?» አልነው። «የማየውን ቦታ» አለ። በዚያ መነጽር አንድ ጊዜ የሚታየው ከስላይዱ በጣም ትንሿ ክፍል ናት። ስለዚህ ስላይዱን ትንሽ ትንሽ እየገፉ ቢያንስ 100 ቦታ ሳያዩ «አልታየም» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። እስከ መቶ ድረስ የሚያይ ዓይን ይደክማል፤ ሰልፉ ደግሞ ውጭ ይጠብቃል።

መቶ አልደረሰም። አርባ ምናምን ላይ እርሳሱን አስቀመጠና ስሱን ደም አሳየን። በየተራ አጎንብሰን አየን። የደም ሴሎቹ እንደ ሐመር ሮዝ ሳንቲሞች ተበትነዋል። አንዱ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ቀለበት፣ ጫፏ ላይ ቀይ ፈርጥ ያለባት። ትንሽ ገፋ አደረገልን፤ ጨረቃ የመሰለች ሌላ ነገር መጣች። «እቺ ጨረቃዋ ፋልሲፓረም ናት። ገዳይዋ።» አንድ ሺህ ጊዜ ጎልታ ነው የቲቸር ሕመም የታየችን። አንዳችን ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ማን እንደሆነ አንናገርም።

«ታዲያ አዲስ አበባ ለምን አልታየችም?» አልን፣ ጥፋቱን የምናሸክመው ሰው ፍለጋ። እሱ ግን ማንንም አልከሰሰም። ፋልሲፓረም የተባለችው ወባ በሰው ደም ውስጥ እያደገች በሁለት ሁለት ቀን ትራባለች። ግማሹን ዕድሜዋን ከጣት በሚወሰድ ደም ውስጥ እምብዛም አትገኝም፤ በውስጥ አካላት ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ተለጥፋ ትደበቃለች። ስለዚህ ተጠርጥራ ካልታየች ምርመራው በማግሥቱ ይደገማል። «ከቆላ የመጣ ነው ብትሏቸው ይደግሙላችሁ ነበር» አለን። አንገታችንን ደፋን። «አራት ኪሎ» ያልነው እኛ ነን።

ቲቸር ኮአርተም ጀመረ፤ ለሦስት ቀን፣ በቀን ሁለቴ፣ አራት አራት ፍሬ። መድኃኒቱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይበልጥ ስለሚሠራ «በወተት ዋጠው» ተባለ፤ አከራዩ እናት የግመል ወተት ይዘውለት መጡ። እሑድ ዕለት ተነስቶ ፈተና አረመ። የእኛን ነገር ግን አላረመም፤ እስከ ዛሬ «ወረቀቱ እኮ የለም ይላል» እያለ በእኛው ድምፅ ይቀልድብናል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አነበብን። አልፎንስ ላቬራን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የወባን ተህዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እ.ኤ.አ. በ1880 እዚሁ አፍሪካ፣ አልጄሪያ ውስጥ ነው። እነዚያኑ ጨረቃዎች ነው ያየው፤ ያውም ያለ ቀለም። ጊምሳ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ከዚያ በኋላ ዓለም ሮጠ። እ.ኤ.አ. በ1931 ከብርሃን ይልቅ በኤሌክትሮን የሚያይ ማይክሮስኮፕ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2014 ብርሃን አይችለውም የተባለውን ድንበር ለሰበሩ ሰዎች የኖቤል ሽልማት ተሰጠ። ዛሬ ስላይዱን ራሱ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር የሚቆጥር መሣሪያም አለ። ቲቸርን ያተረፈው ግን መስታወት፣ ቀለም፣ አንዲት ጠብታ ዘይትና የማይቸኩል ሰው ነው።

«ፈጣኑ ምርመራ አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለ፤ በአንዲት ጠብታ ደም ሩብ ሰዓት አካባቢ መልስ ይሰጣል፣ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ኬላም ብዙ ሰው አትርፏል። ነገር ግን ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የምታወጣውን አንድ ፕሮቲን ነው። ያን ፕሮቲን የምትሠራበት ዘረ መል የጎደላት ፋልሲፓረም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝታለች፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። እሷን ያ መመርመሪያ ሊስታት ይችላል። ዓይን ግን ያያታል፤ ጊዜ ከተሰጠው።

እና ደግሞ እኛ የከተማ ልጆች «ወባ የቆላ ገጠር ነገር ነው» ብለን አንተኛ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። እሷ የከተማ ልጅ ናት፤ በውኃ ታንከርና በበርሜል ውስጥ ትፈለፈላለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ በበጋ ሲፈነዳ እጇ እንዳለበት ተረጋግጧል። አዲስ አበባን እስካሁን ያስጣላት ከፍታዋ ነው። አውቶቡሱ ግን በየቀኑ ይመላለሳል፤ በሽተኛው ተሳፍሮ ይመጣል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ታማችሁ ካርድ ክፍል ስትደርሱ የምታድሩበትን ብቻ አትናገሩ፤ የመጣችሁበትንም ተናገሩ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ «አልታየም» ካለ «አልታየም» ብላችሁ አንብቡት። ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ ተመልሳችሁ ሂዱና «እባካችሁ እንደገና እዩልኝ» በሉ። አያሳፍርም።

ባለፈው ቲቸር ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ አስነጠሰ። ሦስታችንም በአንድ ድምፅ «ከየት ነው የመጣኸው?» አልነው።

ቸር እንሰንብት።