ቡሄ በደብረ ታቦር

በነሐሴ ወር ወደ ሰሜን ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ? ከባሕር ዳር ወጥታችሁ የፎገራን ሜዳ ስታቋርጡ ሩዙ ውኃ ውስጥ ቆሞ ዓይናችሁ እስከሚደርስበት ድረስ አረንጓዴ ነው። ወረታ ላይ የጎንደሩን መንገድ ትታችሁ ወደ ምሥራቅ ስትታጠፉ ግን ሜዳው ያልቅና ዳገቱ ይጀምራል፤ ብርዱም አብሮ ይመጣል። ከወዲያ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ጉም ለብሶ ይጠብቃችኋል። ባለቤቴ ስስ ሹራብ ብቻ ይዛ ነበርና ደብረ ታቦር ስንደርስ የመጀመሪያው ሥራችን ገበያ ገብቶ ጋቢ መግዛት ሆነ።

ይህን ጉዞ ያደረግነው በ2010 ዓ.ም. ነው። አገር ለማየት አልነበረም የሄድነው፤ እኔ ያለብኝን ዕዳ ለመክፈል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1986 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ ጌታን እንደ ግል አዳኜ አድርጌ ተቀበልኩ። በዚያው ክረምት የቅርብ ወዳጄ ለዕረፍት ወደ አገሩ ይዞኝ ሄደ። እርሱ ድቁና የተቀበለ የገጠር ልጅ ነው። እናቱ ከሌላቸው ላይ እየቆረሱ ሁለት ሳምንት አበሉኝ። እኔ ግን አንድ ቀን ማዕድ ላይ ተቀምጬ ግድግዳው ላይ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል በጣቴ እየጠቆምኩ፣ ያ ወረቀት እንደማያድናቸውና ወደ ሲኦል እየሄዱ እንደሆነ ነገርኳቸው። በልቤ ምስክርነት የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ወዳጄ በማግስቱ ምንም ሳይናገር እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ከዚያ በኋላ አልጻፈልኝም፤ ለሰርጌም አልመጣም።

እናንተም በመጀመሪያው ፍቅር ዘመናችሁ ቤተሰባችሁን በቃል ያቆሰላችሁበት ቀን ይኖር ይሆናል። እኔ ሃያ አራት ዓመት ተሸክሜው ኖርኩ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ በአገር ቤትና በውጭ ተከፍሎ የኖረው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ዋሽንግተን ላይ ታርቆ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያን ሰሞን ስልኬ ጮኸ። «ጳጳሳቱ ታርቀዋል፤ እኔና አንተ ምን ቀረን?» አለኝ ወዳጄ። ባለቤቴ ድምፄን ሰምታ ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቀኝ «እንሂድ» አለች።

ከከተማው ወደ ቀበሌያቸው የምንሄደው በእግር ነበር። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ወዳጄ ሊቀበለን ወጥቶ በጋፋት በኩል ወሰደን፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ጋፋት። መድፉን የሠሩት ከባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የተላኩ ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች እንደነበሩ ሳነሣ፣ «ወንጌል ይዘው መጥተው መድፍ ሠርተው ሄዱ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ትንሽ ወጋኝ፤ ውሸት ግን አልነበረም። ቀጥሎ የነገረኝን እናንተም ልታውቁት ይገባል። እነዚያ ሰዎች ያመጡትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት የጎጃሙ መነኩሴ አባ አብርሃም ናቸው፤ በውጭ መጻሕፍት አቡ ሩሚ ይባላሉ። ካይሮ ተቀምጠው ዐሥር ዓመት ያህል ደከሙበት። ሙሉው መጽሐፍ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1840 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ታተመ። «እናንተ ስለ ኢየሱስ ስትነግሩን ስሙን ሰምተን የማናውቅ ታስመስሉናላችሁ» አለኝ።

ቤት ስንደርስ እማማ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ሥዕሏ እዚያው ግድግዳ ላይ ናት። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ራሴን ዳበሱና፣

«ያኔ ያልኸውን አሁንም ታምናለህ?» አሉኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር ለማለሳለስ ተፈትኜ ነበር።

«እማማ፣ የሚያድነኝ ክርስቶስ ብቻ እንደሆነ ዛሬም አምናለሁ። እንጀራዎን እየበላሁ እርስዎን ማዋረዴ ግን ኃጢአት ነበር።»

«ይህንን ያኔ ብትለው ልጄ ይህን ያህል ዘመን ወዳጅ ባላጣ ነበር» አሉና ምራታቸውን ቡና እንድታፈላ አዘዙ።

ባለቤቴ በወንጌላውያን ቤት ያደገች ናትና ፍልሰታ መሆኑን ዘንግታ ከባሕር ዳር በቅቤና በወተት የተጋገረ ኬክ ገዝታ መጥታለች። እኔ ጾሙን የማውቀው ሰው እንኳ አላስታወስኳትም። ሳጥኑ ሲከፈት የልጆቹ ዓይን ፈጠጠ። ባለቤቴ በእፍረት ልትመልሰው ስትል የወዳጄ ሚስት «ነሐሴ 16 ይበላል፤ አይጣልም» ብላ መደርደሪያው ላይ ሰቀለችው።

የቡሄ ዋዜማ ነበር። ሲመሽ ችቦው በየደጁ በራ፤ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ፤ ሙልሙላቸውን ተቀብለው ሄዱ። በስሙ በተጠራ ከተማ አጠገብ የደብረ ታቦርን በዓል ማየት ለእኔ እንግዳ ደስታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ምድጃው ዳር ወሬው የጀመረው። ወዳጄ ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱሱን አመጣ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5ን ከእርሱ መጽሐፍ አነበብን። ቃሉን አልካደም። «አንተ ለእኔ ስትጸልይ ታማልደኛለህ፤ ቅዱሳንስ ከአንተ ያንሳሉ?» አለኝ። እኔም ሕያው ወንድሜን ጸልይልኝ ማለትና ወደ አረፉት መጸለይ አንድ እንዳልሆነ ተናገርኩ። «እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ ነው፤ ለእርሱ ማን ሞተ?» ብሎ መለሰልኝ። እስከ እኩለ ሌሊት አልተግባባንም፤ ግን ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ባለቤቴ ግን ከእኔ የተሻለ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ስትጾሙ በልባችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ወዳጄ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ስለ ሞተችበት ታናሽ እህቱ ነገረን። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አላወቅሁም ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እነርሱ ጎህ ሳይቀድ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔና ባለቤቴ ማቴዎስ 17ን ከፍተን ሁለታችን አመለክን፤ በትዳራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ የእሑድ ጠዋት ብዙ አላሳለፍንም።

ሰኞ ልንነሣ ስንል እማማ «እናንተ ከልባችሁ እየፈጠራችሁ ነው አሉ የምትጸልዩት፤ እስቲ ጸልይ» አሉኝ። ሁሉም ቆመ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እርሳቸውም በኢየሱስ ስም ጸለይኩ። «አሜን» አሉ፤ ቀጥለውም «አባታችን ሆይ» ብለው ጀመሩ፤ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እስከ መጨረሻው አብረን አልን። እርሳቸው አላቆሙም፤ ወደ እመቤታችን ጸሎት አለፉ፤ ልጃቸውና ምራታቸውም ተከተሉ። እኔና ባለቤቴ ዝም አልን፤ ራሳችንን ዝቅ አድርገን እስኪጨርሱ ጠበቅን። እማማ ዝምታችንን ሰምተዋል፤ ሲጨርሱም መጀመሪያ የሳሙት እኔን ነው።

ትንሹ ልጅ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኑን ከመደርደሪያው አልነቀለም። ፍልሰታ ሊፈታ ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር።