ሁለት ኩሽኔታ በአንድ ደረሰኝ

ቮልስ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ድምፅ መለየት ይማራል። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ በውሃ ሳይሆን በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ጠዋት ስትነሳ ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። አባዬ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል "ይሄ የሷ አይደለም" የሚለውን ድምፅ ነጥሎ ያወጣል። ዓይኑ ደክሞ መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጆሮው ግን ወይ ፍንክች! አሁን የምነዳው እኔ ነኝ፣ እሱ ከጎኔ ይቀመጣል። ባለፈው ቀለበት መንገድ ላይ ፍጥነታችን ወደ 40 ሲጠጋ "ኡኡኡ የሚል ነገር አለ። ወደ ቀኝ ስትታጠፊ ይብስበታል። የግራው የፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው" አለኝ።

አስማት እንዳይመስላችሁ። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ይጋደማል። የግራው ኩሽኔታ ከታመመ ያን ጊዜ ነው የሚያቃስተው። ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ ድምፁ ቀለል ይላል፤ ሰውም ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ይገላገለዋል።

ችግሩ ይሄ ኩሽኔታ ከአምስት ወር በፊት ተቀይሯል። ማለቴ፣ ተቀይሯል ተብሎ ከፍለናል። ደረሰኙ ላይ "ኩሽኔታ 2፣ የእጅ ዋጋ" ይላል። ወደዚያው ጋራዥ (ስሙ ይቆየን) መልሼ ብወስዳት፣ ሰውየው መኪናዋን ሳያስነሳ "የጎማ ድምፅ ነው፣ ጎማ ቀይሪ" አለኝ። አባዬ ያለውን ስነግረው ደግሞ ፈገግ ብሎ "ወንድም የለሽም? እሱን ላኪውና እንነጋገራለን" አለ። እናንተዬ! እኔ ወንድም የለኝም። ያለችኝ ሁልጊዜ ጠዋት በዚህች መኪና ትምህርት ቤት የማደርሳት ታናሽ እህት ናት። የፊት ጎማ ኩሽኔታ ቸል ከተባለ መጨረሻው ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ይግላል፣ ይደርቃል፣ ሲብስበትም ጎማው መንገድ ላይ ሊነቀል ይችላል።

ጋዜጠኝነት ስማር አራት ዓመት ሙሉ የሰማሁት "ማስረጃሽ የታል?" የሚለውን ነው። ማስረጃው ታምቡሩ ውስጥ ነበር። እንፍታው አልኩ።

በነገራችን ላይ "ሽጧትና ተገላገሉ" የሚሉን ዘመዶች አሉን። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ለኛ ኪስ ገና ነው። ደግሞስ ቮልስ እንዲህ በቀላሉ የምትናቅ ናት እንዴ? ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው መኪና ቮልስዋገን ነበር! የኛዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1972 ሥሪት ናት። የመጨረሻዋ እህቷ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 ነው፣ እሱም በፈረንጅ። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ፣ ለሚፈልግ ሰው ዕቃ አይጠፋም። እኔም ሶማሌ ተራ ሁለት ሰዓት ዞሬ አገኘሁ። የኩሽኔታ ቁጥር ቀለበቱ ላይ ተቀርጿል፤ ካርቶኑን ሳይሆን እሱን አንብቡ። ካርቶን ማንም ያትማል።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጀመርን። አባዬ በርጩማ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። የጎማው ቡሎኖች የሚላሉት መኪናዋ ሳትነሳ ነው። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍን፣ በክሪክ አነሳናት፣ ከጎረቤት የተዋስነውን የብረት መደገፊያ ከሥሯ አስገባን። በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ሥር እጃችሁን እንዳትሰዱ፣ አደራ። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ወዘወዝኩት። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጤነኛ ጎማ እንዲህ አይልም።

የቮልስ ግራ ጎማ ሁለት ተንኮል አላት። የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ የሚዞረው ከዚህ ጎማ ነው። በእምብርቱ መሃል አልፎ ክዳኑ ላይ በትንሽ የሽቦ ካስማ ስለተያዘ ክዳኑ ከመነቀሉ በፊት ካስማው መውጣት አለበት። ሁለተኛው ዳዶው ነው፤ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላውን ዳዶ በምታጠብቁበት አቅጣጫ ይሄ ይፈታል። የግራ ጎማ ወደፊት ሲሽከረከር ዳዶውን ይዞ እንዳይፈታው ተብሎ የተሠራ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሊፈታ ብሎ ያጠብቅና ጥርሱን ይበላዋል። አባዬ ከበርጩማው ሆኖ "እንደ ሰዓት ነው የሚፈታው፣ እንደ ሰዓት" እያለ ሦስት ጊዜ ነገረኝ።

የፍሬን ሸራውን ትንሽ አላልቼ ታምቡሩን ስስብ የውጪው ኩሽኔታ እጄ ላይ ወደቀ። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። እውነት ለመናገር ሰውየውን በልቤ ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። ከዚያ ታምቡሩን ገለበጥኩ። ግሪሱን አፍኖ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት በካቻቢቴ አነሳሁ። የውስጡ ኩሽኔታ ጠቁሯል፣ ግሪሱ እንደ ቡና አተላ ደርቋል፣ የሚሽከረከርበት ቀለበት ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተበሳስቷል። አባዬ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና ጆሮው አጠገብ አዞረው። "ይሄ አምስት ወር አይደለም፣ አምስት ዓመት ነው" አለ። የውጪውን መቀየር ቀላል ነው። ለውስጡ ታምቡሩን መገልበጥ፣ አሮጌውን ቀለበት መምታት ያስፈልጋል። ድካም ነው። ማንስ ያየዋል?

ቀለበቱ ታምቡሩ ውስጥ ጠብቆ የተቀመጠ ነው። በነሐስ ዘንግ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እየመታችሁ ታወጡታላችሁ። አንድ ወገን ብቻ ከመታችሁ ይጣመማል። አዲሱን ማታውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሬዋለሁ፤ ብረት ሲቀዘቅዝ በጥቂቱ ይጠባል፣ ሲገባ አይታገልም። እማዬ ከዶሮው ጎን በፌስታል የተጠቀለለ ብረት አግኝታ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። አሮጌውን ቀለበት ከላይ ደርቤ በመዶሻ መታሁ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ... ከዚያ በድንገት ድምፁ ወደ ቀጭን ጩኸት ተቀየረ። "በቃ! ወንበሩ ላይ ተቀምጧል" አለ አባዬ። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ያላየሁትን እሱ ሰማው።

ግሪስ ማስገባት በጣም ደስ ይላል። መዳፋችሁ ላይ ትዝቁና የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን እየጫናችሁ ትስባላችሁ፤ በሌላው ጎን በየብረቱ መሃል ብቅ እስኪል። ከዚያ አዙሮ እንደገና። አባዬ ይሄን እኔ ልሥራው አለ። እጁ ዓይን አያስፈልገውም ነበር።

ትልቁ ነገር ማጥበቁ ነው። እነዚህ ኩሽኔታዎች ሾጠጥ ባሉ ትንንሽ ብረቶች የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ከላይ የሚመጣውንም ከጎን የሚገፋውንም ይሸከማሉ። ዳዶው ከጠበቀ ይግላሉ፣ ከላላ ጎማው ይወዛወዛል። የመኪናዋ መጽሐፍ የሚፈቅደው ክፍተት ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የሚለካ መሣሪያ እኛ ቤት የለም። አባዬ ያስተማረኝ ሌላ ነው፦ ታምቡሩን እያዞርሽ አጥብቂ፣ ከዚያ ጥቂት መልሺ፣ ከዳዶው ሥር ያለችውን ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ወደ ጎን ግፊያት። በትንሽ ጉልበት ከተንቀሳቀሰች ልክ ነው። እምቢ ካለች ጠብቋል። አራት ጊዜ አስተካከልኩት። ከዚያ የዳዶውን መቆለፊያ ብሎን አሰርኩ፣ የፍሬን ሸራውን መለስኩ፣ ካስማውን አስገባሁ።

ማታ ቀለበት መንገድ ወጣን። 40፣ 50፣ 60። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። የሞተሩ ጫጫታ ብቻ። አባዬ ምንም አላለም፤ ለሱ ዝም ማለት ትልቅ ምስጋና ነው።

ሰኞ አሮጌውን ኩሽኔታ በፌስታል፣ ደረሰኙን በቦርሳ ይዤ ጋራዡ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሰውየው ኩሽኔታውን አየ፣ ደረሰኙን አየ፣ እኔን አየ።

"ማን ፈታው?"

"እኔ።"

"ግራውን?"

"ግራውን።"

ትንሽ ዝም አለና መሳቢያውን ከፍቶ የአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ቆጠረልኝ። የእጅ ዋጋውን ስጠይቀው ስልክ ተደወለለት። ቀኙን ለመጪው ቅዳሜ ቀጥረነዋል፤ እሱም እዚያው ጋራዥ "የተቀየረ" ነው።