የቲቸር ኮንቨርቲብል

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየላካችሁልኝ ነው። "ቲቸር፣ አቶቴ ጋ ባጃጅ ሲነዱ ያየሁት እርስዎን ነው ወይስ የሚመስልዎትን ሰው?" አንዷማ ጨዋነቷ፣ "ወንድም አለዎት እንዴ?" ብላ ነው የጠየቀችኝ።

ወንድም የለኝም። እኔው ነኝ።

ከሐምሌ ጀምሮ የአንዲት አዲስ ባጃጅ ባለቤት ነኝ። ይኸው ስምንት ወራችን። ሰው መኪና ገዝቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ "እንዴት ነው፣ ተመቸህ?" ይባላል። እኔን ግን ማንም እንደዚያ ብሎ አልጠየቀኝም። ሁሉም የሚጠይቀኝ "ምን ሆንክ?" ብሎ ነው። ስለዚህ ያልተጠየቅኩትን ልመልስ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ዋጋዋን አልናገርም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ተበደርኩ፣ ስጠብቀው የኖርኩት የዕቁብ ዕጣ ወጣልኝ፣ የጎደለውን ደግሞ ባለቤቴ ሁለት የወርቅ አምባሯን ሸጣ ሞላችው። አምባሮቹ የእናቷ ነበሩ። "ከብድሩ በፊት የሚመለሰው እሱ ነው" ብዬ ቃል ገባሁላት። በሚዜ ፊት ከገባሁት ቃል ይልቅ ይሄኛው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ለምን ገዛህ ለምትሉ፣ በዲፕሎማ የተመረቅኩ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ዲግሪውን በክረምት ጀምሬ ሁለተኛው ልጄ ሲወለድ አቋረጥኩት። የቤት ኪራይ ሲከፈል ከደሞዜ የሚተርፈው ምን እንደሚያህል መምህር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልሆናችሁም ሰምታችኋል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ባጃጇ። ሐዋሳን ለምታውቁ፣ ሰማያዊ ናት፣ ከሌሎቹ የሚለያት ነገር የለም። በግራ እጄ ፍሪሲዮንና ማርሽ፣ በቀኝ እጄ ነዳጅ፣ በእግሬ ፍሬን። በስምንት ወር ውስጥ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ መኪና ሳያውቀው የሚያልፈው ጉድጓድ ለእሷ ገደል ነው። ኮብልስቶን ላይ ቀኑን ሙሉ የነዳ ሰው ማታ ወገቡን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ነው የሚያነሳው። ዝናብ ሲመጣ የጎኑን ሸራ ብታወርደውም የሹፌሩ ጉልበት መበስበሱ አይቀርም፤ የክረምቱን ሁለት ወር አንድ ጉልበቴ ሳይደርቅ ነው ያለፈው። ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ማደያው በር ላይ ግማሽ ቀን መቆም አለ። እኔ ግን እዚህ ላይ ከሌሎች ሹፌሮች እሻላለሁ፤ ሰልፍ ላይ ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ሁለት ክፍል አርሜ የጨረስኩበት ቀን አለ። ከኋላዬ የነበረው ልጅ "ቀዩን እስክሪብቶ ሳየው ትራፊክ መስለውኝ ደነገጥኩ" አለኝ።

ደስታም አላት፣ አልዋሽም። ወደ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ሰው አድርሼ ባዶዬን በአሞራ ገደል በኩል ስመለስ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ በግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል። በር የለ፣ መስታወት የለ። በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ያለ ሰው መኪና አያስቀናኝም።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ዝግ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እኔው ነዳሁ። ግን ተደብቄ ነበር የምነዳው። ኮፍያ፣ መነጽር፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ። ባለቤቴ "ባንክ ልትዘርፍ ነው ወይስ ሰው ልታደርስ?" ትለኝ ነበር። የማውቀው ሰው እጁን ሲያነሳ እያየሁ እንዳላየሁ አልፌ የሄድኩበት ቀን አለ። ቆማችሁ የነበራችሁ ይቅርታ፣ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን መናኸሪያ አካባቢ አንዲት እማማ ጫንኩ። መንገድ ላይ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ኑሮ ጠየቁኝ። ሲወርዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አይዞህ ልጄ፣ ያልተማረም ሠርቶ ይበላል። አንተ ብቻ ልጆችህን አስተምር" አሉኝ። "አሜን እማማ" አልኩ። ምን ልበል? ያን ቀን የገባሁበት ትካዜ ግን እስከ ማታ አልለቀቀኝም። በኋላ ሳስበው እማማ አልሰደቡኝም፤ ያጽናኑኝ ነበር። ቃሉ ያመመኝ እኔው ራሴ ለስንት ዓመት ስናገረው ስለኖርኩ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

መስከረም ገባና መደበቁ አበቃ። እኔ የጠዋት ፈረቃ አስተማሪ ስለሆንኩ ጠዋት ሹፌር ይነዳታል፣ ከሰዓት እኔ እረከባለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት የአሥረኛ ክፍል ልጆቼ ከፒያሳ "ባጃጅ!" ብለው አስቆሙኝ። ገብተው ተቀመጡ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። "ቲቸር?!" አለች አንዷ። ከዚያ ጸጥ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ። ሲወርዱ ሂሳብ አልቀበልም ስል አንደኛዋ ብሩን መቀመጫው ላይ አስቀምጣ፣ "ቲቸር፣ ሥራ እኮ ነው" ብላኝ ሄደች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ አንዲት ባጃጅ ተስላለች። ሸራዋ ወደ ኋላ ተገፎ፣ እኔ መነጽር አድርጌ ፀጉሬን ንፋስ እየወሰደው። ከሥሯ "የቲቸር ኮንቨርቲብል" ይላል። (ፀጉሬን የምታውቁ ሰዎች፣ ሥዕሉ ቸር ነበር።)

አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር እንደዚያን ቀን ክፍሉ ጸጥ ብሎ አያውቅም። እቆጣለሁ ብለው ጠብቀዋል። እኔም ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዳስተሩን አንስቼ ከላይ ያለውን ሰው ብቻ አጠፋሁና ሦስቱን ጎማዎች በመስመር አገናኘኋቸው። "ይህ ምን ቅርጽ ነው?" ሦስት ማዕዘን። "መኪናስ?" አራት ማዕዘን። "እንግዲያው ባጃጅ ኩርባ ላይ ለምን ይገለበጣል?" ያን ቀን ስለ ክብደት ማዕከል ያስተማርኩት ከዚያ በፊት ካስተማርኩት ሁሉ ይበልጣል። እየታጠፍክ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በዚያ ጥግ ላይ ደግሞ የሚደግፈው ጎማ የለም። ከኋላ ወንበር የሚተኙት ሳይቀሩ እጅ አወጡ።

ግን እውነቱን ልናገር። ይህን ትምህርት እኔ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ አውቄውም ግን በሐምሌ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ኩርባ ላይ እየታጠፍኩ ፍሬን ይዤ አንዱን የኋላ ጎማ ከመሬት አንስቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልጫንኩም ነበር። ያኔ አጠገቤ ተቀምጦ ያለማምደኝ የነበረው ልጅ ክብደቱን ወደ ሌላው ጎን ጥሎ መለሳት። ቆም ካልን በኋላ ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ፣ "ቲቸር፣ ፍሬን ከመታጠፍዎ በፊት ነው እንጂ እየታጠፉ አይያዝም" አለኝ።

የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ ልጅ ነው። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ድፍረት እስካገኝ ነው።

ተማሪዬ ነበር። አሥረኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁልጊዜ ይተኛል። አንድ ሁለቴ መከርኩት፣ ሦስተኛው ላይ በሃምሳ ምናምን ልጅ ፊት አስነስቼ፣ "አንተ ተኛ! ያንተ መጨረሻ ባጃጅ ላይ ነው" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል። እሱ ተቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ የእኔ ክፍለ ጊዜ ላይ ተኝቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ምክሬ ሠራ ብዬ ለሌሎች መምህራን አወራሁት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለእሱ ብቻ አልተናገርኩትም። ለብዙዎቻችሁ ነው። "ካላጠናችሁ ባጃጅ ነጂ ነው የምትሆኑት።" እንደ ማስፈራሪያ፣ እንደ ቀልድ፣ አንዳንዴ ሰዓት ለመሙላት። የምታነቡ ተማሪዎቼ አሁን ፈገግ እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ባጃጇን ስገዛ ጥሩ አለማማጅ ፈልግልኝ ያልኩት ሰው ያመጣልኝ እሱን ነው። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት አለማመደኝ። መንጃ ፈቃድ የወረቀቱ ነው፤ ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ማርሽ ሳንገጫግጭ "ይለምድዎታል" ይላል እንጂ አያፌዝም። እኔ ግን በየቀኑ ያን ቃል እያስታወስኩ እሱ ረስቶት ይሆን እላለሁ። በመጨረሻው ቀን ቡና ስንጠጣ አልቻልኩም።

"ያኔ ክፍል ውስጥ ያልኩህን ታስታውሳለህ?"

"አዎ ቲቸር።"

"አጥፍቻለሁ።"

ሲኒውን ትንሽ አሽከረከረና ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "ቲቸር፣ እኔ እኮ ያኔም ባጃጅ ላይ ነበርኩ። እናቴ ታማ ስለነበር ማታ ማታ ላቫጆ ባጃጅ አጥብ ነበር። የምገባው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። እርስዎ ወደፊት የሚሆነውን የነገሩኝ መስሎዎት ነው።"

ከዚያ ዝም አልን። የቡናውን ሂሳብ እንኳ እሱ ከፈለ።

አንድ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተኝቶ "ለምን ትተኛለህ?" ብዬ አልጠየቅኩትም። ቁጣው ቀርቦኝ ነበር፣ ጥያቄው ግን አልመጣልኝም። መምህር ነኝ፤ ሥራዬ መጠየቅ ነበር።

ደግሞም አስቡት። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶ ልጅ ሦስት። እኔ እንግዲህ ለሦስቱ ብዬ ዘጠና ሰባቱን ሥራ ሳሰድብ ነው የኖርኩት። ልጆቹ ነገ የሚይዙትን መሪ ዛሬ የውርደት ምልክት አድርጌ ካሳየኋቸው፣ ሲይዙት በምን ሞራል ይይዙታል? እኔ ራሴ በማስክ የተደበቅኩት ማን ባስተማረኝ ሆነና! ራሴው ነኝ ያስተማርኩኝ።

"አጥኑ" ማለቴን አልተውኩም። ባጃጅ ቀላል ኑሮ ነው እያልኩ አይደለም፤ ወገቤ ይመስክር። አሁን ግን "አጥኑ፣ ምርጫችሁ እንዲበዛ" ነው የምለው። የተኛ ልጅ ሳይ ደግሞ ከክፍል ውጭ ጠርቼ ማታ የት እንደሚያድር እጠይቃለሁ። ከመስከረም ወዲህ አራት ልጅ ጠይቄያለሁ። ሁለቱ ስልክ ሲነካኩ የሚያድሩ ናቸው፣ ተቆጣኋቸው። ሁለቱ ግን ሠርተው ነው የሚያድሩት። ለእነሱ የከሰዓት ማካካሻ አዘጋጅተናል።

ልጁን ክፍል መጥተህ በተማሪ ፊት ይቅርታ ልጠይቅህ ብዬው ነበር። "ቲቸር ይተዉት፣ ጠዋት ሥራ አለብኝ" አለኝ። እውነቱን ነው። ጠዋት ጠዋት የእኔን ባጃጅ የሚነዳት እሱ ነው። የቀን ገቢዋን አንድም ቀን አጉድሎብኝ አያውቅም። ስሙን እንዳልጠራ ነግሮኝ፣ ታሪኩን ግን ጻፈው ብሎ ፈቅዶልኛል። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት ልመልስ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያስነበብኳችሁ። ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።

ያን ቃል ከእኔ አፍ የሰማችሁ ሌሎችም ካላችሁ፣ ይቅርታው ለእናንተም ነው። አንድ ነገር ማለት ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መስደብም ይቻላል፣ አነባለሁ።

"ተመቸህ ወይ?" ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይኸው። ጎኗ ላይ ሁለት ጭረት አላት። ብድሩ ገና ነው። ከሁለቱ አምባሮች አንዱ ባለፈው ሳምንት ተመልሷል፤ የእናቷ አይደለም፣ የእሱን አምሳያ ነው ያገኘሁት። ባለቤቴ አድርጋው አየችና "ትንሽ ይሰፋል" አለች። ግን አላወለቀችውም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ነኝ። ማስክ የለም፣ ኮፍያ ለፀሐይ ብቻ ነው። ስታዩኝ አስቁሙኝ። ሂሳብ ግን ክፈሉ፣ ሥራ እኮ ነው።